ቀኑን የሚያስጀምረው ልጅ

ሰኞ፣ ሜይ 6

ልጅ እየተጫወተ ይማራል ወይስ ተጫውቶ ብቻ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው? ልጅ ወልዶ ይህን ያልጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዛሬ፣ በመጀመሪያው ቀኔ ብቻ፣ ሦስት እናቶች ጠየቁኝ። አንዷማ መልሴን ሳትሰማ ሄደች።

ስለዚህ ደብተሩን በዚሁ ጥያቄ ጀመርኩት። ሦስት ወር አለኝ፤ መልሱን መጨረሻው ገጽ ላይ እጽፈዋለሁ።

ቤሪል አኦኮ፣ ሃያ አራት ዓመት፣ የኪሱሙ ልጅ። ዲፕሎማዬን ይዣለሁ። አሁን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የቅድመ ልጅነት እድገትና ትምህርት ተምሬ የመጨረሻው ዓመት ላይ ደርሻለሁ፤ የቀረኝ ይህ የማስተማር ልምምድ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲው ገምጋሚ ይልካል። መቼ እንደሚልክ ግን አይናገርም። ካለፍኩ በኖቬምበር ጋዋን እለብሳለሁ። ካላለፍኩ... ዛሬ የመጀመሪያው ቀን ነው፣ ይህን አልጽፍም።

ሃያ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ አራትና አምስት ዓመት የሆናቸው። የክፍላችንን ጣሪያ ነፋስ ስለወሰደው የምንማረው ማንጎው ሥር ነው። ከፊታችን ሐይቁ፣ ከጀርባችን መንገዱ። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ልጆቹን ሐምራዊ ሹራብ የሚያለብስ የግል ትምህርት ቤት አለ። እዚያ ከጠዋት ጀምሮ «ኤ፣ ቢ፣ ሲ» ብለው ሲጮኹ ይሰማል። የእኛዎቹ የሚጮኹት እንደ ጉማሬ ነው። እኔ ነኝ ያዘዝኳቸው፤ የድምፅ ልምምድ ነው።


ሐሙስ፣ ሜይ 9

የጠርሙስ ክዳን 140። የበቆሎ ቆረቆንዳ አንድ ጆንያ። ጭቃ እንደ ልብ።

ኦሞንዲ የሚባለው ልጅ ዛሬ በጭቃ ጀልባ ሠርቶ አሥራ አንድ ሰው ጫነበት። ሰዎቹ ክዳኖች ናቸው። ማንም ሳያስቆጥረው ቆጠራቸው! «ጀልባው ላይ ያሉት እነማን ናቸው?» አልኩት። «አባቴ፣ አጎቴ፣ ሌሎች ደግሞ። ይሄ ዓሣ ማጥመድ ስለማይወድ ተኝቷል።»

በምሳ ሰዓት እናቱ መጣች። ኦሜና ነው የምትሸጠው፤ ሐይቁ ዳር መረብ ላይ የሚሰጣውን ያንን ትንሽ ዓሣ። መጀመሪያ ያየችው የልጁን ሸሚዝ ነው።

«ቲቸር፣ ልጄን ንጹሕ አድርጌ ነበር የላክሁት።»

«ማማ ኦሞንዲ፣ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ቆጠረ እኮ!»

«የታለ?»

«ምኑ?»

«የቆጠረው። ደብተሩ ላይ አሳዪኛ።»

ደብተሩ ላይ ምንም የለም። ጀልባውን ላሳያት ዞር ስል አንዲት ፍየል ቆማበታለች።


ማክሰኞ፣ ሜይ 14

ሁለት ልጆች ቀሩ። ታመው ይሆናል።


ረቡዕ፣ ሜይ 15

አልታመሙም። ሐምራዊ ሹራብ ለብሰው አየኋቸው። አንዷ እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም አወዛወዝኩላት። ምን ላድርግ?


እሑድ፣ ሜይ 19

ዛሬ ረዥም ጊዜ አለኝ፤ ልብሴን አጥቤ ጨርሻለሁ።

ዓርብ ዕለት ወደ ሐይቁ ወርጄ ነበር፣ ኦሜና ልገዛ። ሴቶቹ መረቡን ጎንበስ ብለው እየገላበጡ ነው፤ ጀርባቸው ወደ እኔ።

«ዩኒቨርሲቲ ድረስ የተማረችው እንትን... ማንጎ ሥር ያለችው...»

«ማን፣ ጭቃዋ?»

«እሷ። አራት ዓመት ተምራ የመጣችው ከልጅ ጋር ልትንከባለል ነው?»

ከዚያ ሳቅ። ቀስ ብዬ ተመለስኩ። ራቴን ዓሣ የሌለበት ኡጋሊ፣ ያው የበቆሎ ገንፎ፣ በጎመን በላሁ። «ጭቃዋ» መባሌ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ አስቆኛል።

ዳይሬክተራችን መምህር ኦጋሎ ጨዋ ሰው ናቸው፤ መጥፎ ወሬ ከመናገራቸው በፊት ሻይ ያስቀዳሉ። በዚያው ዓርብ ጠርተውኝ ሁለት ኩባያ አስቀዱልኝ።

«ማዳም ቤሪል፣ አሁን ስንት ልጅ አለሽ?»

«አሥራ ስድስት። ከሁለቱ በኋላ አምስት ሄደዋል።»

«የዩኒቨርሲቲሽን ቅጽ አንብበሽዋል? ገምጋሚው ከአሥራ ሁለት ልጅ በታች ካገኘ አይገመግምም። ልምምዱን በዓመቱ ትደግሚያለሽ። ቅር አይበልሽና፣ ለምን እንደ ማዶዎቹ ትንሽ አታስጽፊያቸውም? ለወላጆች ዓይን ያህል።»

«እጃቸው ገና ነው። እርሳስ ከመያዛቸው በፊት ጣቶቻቸው መጠንከር አለባቸው፤ ጭቃው ለዚያ ነው።»

«ይህማ ገብቶኛል» አሉኝ። አልገባቸውም።

እኔ ግን ልክ ነኝ። ወላጆቹ ገና ስላልተማሩ ነው። አንድ ቀን ሰብስቤ አስረዳቸዋለሁ፤ አሥራ ሁለት ገጽ ማስታወሻ አዘጋጅቻለሁ።

ለእናቴ መደወል አለብኝ። እዚህ ኔትወርክ አስቸጋሪ ነው። ዲግሪውን ስጀምር «ነርስ ሁኚ ስልሽ፣ የሰው ልጅ አፍንጫ ልትጠርጊ?» ካለችኝ ወዲህ ብዙም አላወራንም። ነገ እደውላለሁ። የክፍል ጓደኛዬ ላቬንደር ደውላ አንድ ሰዓት ሙሉ ስናወራ መሸብኝ። እሷ ጣሪያ ያለው ክፍል ደርሷታል።


ማክሰኞ፣ ሜይ 28

የወላጆች ስብሰባ። የመጡት አራት። አሥራ ሁለቱንም ገጽ አነበብኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንዱ አባት እንቅልፍ ወሰደው።

ኦሞንዲም ማዶ ሄደ። ሹራቡ እስከ ጉልበቱ ይደርሳል።


ማክሰኞ፣ ጁን 4

አገኘሁት! ስም ስጠራ ነው የመጣልኝ። እንዴት እስከ ዛሬ አላየሁትም? ትምህርቱ ስም መጥሪያው ላይ ተጽፎ ተቀምጧል፤ በእኛ ቋንቋ ልጅ በተወለደበት ሰዓት ይሰየማል። ኦሞንዲ ንጋት (ማዶ ቢሄድም ስሙ አልተሰረዘም)። አቺየንግ እኩለ ቀን። ኦዲያምቦ ማምሻ። አቲየኖ ሌሊት። ቀኑ በሙሉ በልጆቹ ስም አለ፣ እኔ ደግሞ ካርቶን ላይ ሰዓት ስስል ሰንብቻለሁ!

በአመድ መሬት ላይ ትልቅ ክብ ሠራሁ። ፀሐይ ከምትወጣበት ወገን ንጋት፣ ከዚያ ረፋድ፣ እኩለ ቀን፣ ማምሻ፣ ሌሊት። እያንዳንዱ ልጅ ስሙ ላይ ይቆማል። ከንጋት ጀምረን እየዞርን እንዘፍናለን፤ ሰዓቱ የደረሰው ልጅ በዚያ ሰዓት ቤታቸው የሚሠራውን ያሳያል። አኮዝ ዝናብ ስለሆነች ቦታ የላትም፤ በፈለገችበት ሰዓት ሮጣ ትገባና ሁሉንም ታበትናለች። አኮዝ በሕይወቷ እንዲህ የተደሰተችበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

አቲየኖን ሌሊት ላይ አቆምኳት። ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ቃል ያልተናገረች ልጅ ናት። ዛሬም ዝም ብላ ቆመች።

ወደ መጨረሻው ትንሽ ግርግር ነበር። ሳይታረቁ ወደ ቤት ሄዱ። ምንም አይደለም።


ረቡዕ፣ ጁን 5

ምንም አይደለም ብዬ ነበር።

ትናንት ልጆቹ አቲየኖን «ሌሊት ሯጭ! ሌሊት ሯጭ!» እያሉ እስከ ቤቷ ሸኝተዋታል። እዚህ ሌሊት ሯጭ የሚባለው ሰው ሲተኛ ራቁቱን ወጥቶ በየደጁ አሸዋ የሚበትን ነው፤ ሰው በስሙ አይጠራውም፣ ልጅ አይሰጠውም። እኔ ይህን አላውቅም? አውቃለሁ። የመንገድ መብራት ሥር ስላደግኩ ነው የረሳሁት። ልጆቹ ሲንሾካሾኩም ሰምቻለሁ። «ግርግር» ብዬ ጻፍኩት እንጂ ሰምቻለሁ።

ዛሬ የመጡት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ መጡ፤ አቲየኖ ሽርጣቸውን ይዛለች። ዳና ሪስፓ ናቸው፣ አያቷ፤ ዳና ማለት አያት ነው።

«አንቺ ነሽ የልጅ ልጄን ጨለማ ውስጥ ያቆምሽ?»

«ዳና፣ ስሟ አቲየኖ ስለሆነ...»

«ስሟን ማን ጠየቀሽ! ይህች ልጅ የተወለደችው ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ዶሮ እንኳ ጥላ ፍለጋ ሲሮጥ ነው። እኔ ነኝ ያዋለድኳት። አቲየኖ የጣውንቴ ስም ነው። በሞተች በዓመቷ በሕልሜ መጥታ ‹ስሜን መልሱልኝ› አለችኝ። ለልጅቷ ሰጠናት። ይህን ዩኒቨርሲቲ አይነግሯችሁም?»

አይነግሩንም። መጠየቅ እንደነበረብን ግን ይነግሩናል። «ከልጁ ቤት ጀምሪ» የሚለውን ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

«ይቅርታ ዳና» አልኩ። «ቦታዋን ያሳዩን።»

አሮጊቷ አመዱን በምርኩዛቸው እየነኩ ዞሩና ልጅቷን እኩለ ቀን ላይ አቆሟት። ከዚያ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር።

«ይሄ የማነው? ኦዲያምቦ? አዎ፣ ማምሻ ነው፤ ከብት ሲገባ። ያቺ? አኮዝ! በረዶ ነበር እንጂ ዝናብ አይደለም፤ ጣሪያው ሲንኳኳ እናትሽ እንግዳ መጣ ብላ ‹ግቡ› ትላለች!»

ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ለካ እሳቸው ናቸው ያዋለዱት። መምህር ኦጋሎ ሳቁን ሰምተው ከቢሯቸው ወጡ።

«አንተ ደግሞ» አሏቸው ዳና ሪስፓ «ከእናትህ ሆድ በእግርህ ነው የወጣኸው። ገና ሳትወለድ ግትር ነበርክ።»

ዳይሬክተራችን ተመልሰው ገቡ።


ሐሙስ፣ ጁን 13

ዳና ሪስፓ በየቀኑ ይመጣሉ። ሁለት አያቶችም ጨመሩ። ሁለት ልጆች ተመለሱ፦ አሥራ አንድ! አያቶቹ የልጁን የልደት ታሪክ ይናገራሉ፣ እኛ እናሳያለን። ከብት ሲገባ፣ ጀልባ ሲወጣ፣ ገበያ ሲበተን። አሥራ ሁለት ገጹን ለዳና ሪስፓ ሰጥቻቸዋለሁ፤ እሳት ያያይዙበታል።

አንድ ችግር ብቻ። ሌሊት ባዶ ነው። ከዚያ ስድብ በኋላ ማንም እዚያ መቆም አይፈልግም።


ሐሙስ፣ ጁን 20

ሁለት ችግር። ንጋትም ባዶ ነው። በስም መጥሪያው ንጋት ኦሞንዲ ብቻ ነው፤ እሱ ማዶ ስላለ እስከ ዛሬ ቦታውን እየሞላሁ የማስጀምረው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ዘፈኑን ስጀምር ኦዲያምቦ እጁን አነሣ።

«ቲቸር፣ አልነጋም።»

«እንደነጋ አስመስለን እንጀምር።»

«ኦሞንዲ ሳይኖር አይነጋም።»

አሥራ አንዱም ቁጭ አሉ። የልጆች አድማ። ኦሞንዲ ከመንገዱ ማዶ አጥሩን ይዞ ያየናል። እናቱን ላናግራት ወደ ሐይቁ ወረድኩ።

«ማማ ኦሞንዲ...»

«ዓሣ ልትገዢ ነው ወይስ ልጅ?»

«ልጅ።»

«ልጅ አልቋል፣ ዓሣ አለ።»

ሴቶቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ ቲቸር። እኔ ፊደል ሳልለይ ነው የቀረሁት። ነጋዴው የጻፈልኝን ማንበብ ስለማልችል ስንት ጊዜ ተታልያለሁ። እሱ እንደኔ እንዲሆን አልፈልግም። አንቺ ነገ ወደ ኪሱሙሽ ትሄጃለሽ።»

ቤት ገብቼ «ገና ስላልተማሩ ነው» ብዬ ከዚህ በፊት የጻፍኩትን ገጽ ፈልጌ አነበብኩት። አልሰረዝኩትም፤ ይቀመጥና ይፍረድብኝ።


ሰኞ፣ ጁላይ 1

ላቬንደር ተገመገመች፣ አለፈች። «ገምጋሚው ወደ እናንተ እየመጣ ነው፣ ዶክተር ሙቱኩ ይባላል፣ የካምባ ሰው፣ አይስቅም» አለችኝ።

አሥራ አንድ። አሥራ አንድ። አሥራ አንድ።

እናቴ ሁለት ጊዜ ደወለች። ሥራ በዝቶብኝ ነው ያላነሣሁት።


ረቡዕ፣ ጁላይ 3

ሁሉንም ልጽፈው።

ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ሞተር ብስክሌት ማንጎው ሥር ቆመ። ራሱን የዋጠ ሄልሜት ያደረገ ሰው ወርዶ በእስክሪብቶው ጫፍ ልጆቹን ቆጠረ።

«አሥራ አንድ» አለ።

«አዎ ዶክተር።»

«ቅጹ አሥራ ሁለት ይላል፣ ማዳም አኦኮ።»

«ትንሽ ቢታገሡኝ...»

ምን እስኪሆን እንደሚታገሡኝ ግን እኔም አላውቅም። ዳና ሪስፓ ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ «ተቀመጥ ልጄ» አሉት። «ገና አልነጋም።»

ዶክተሩ ሰዓቱን አየ፣ ፀሐይዋን አየ። ተቀመጠ። ያን ጊዜ ከሐይቁ ነፋሱ ተነሣና አመዱን ያበነው ጀመር፤ ክቡ ዓይኔ እያየ ሊጠፋ ነው። አያቶቹ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ተነሡ፤ ሽርጣቸውን እየፈቱ በነፋሱ ወገን ዘርግተው ቆሙ። ግድግዳ ሆነልን፤ ቢጫ፣ ቀይና ባለ አበባ። ልጆቹ ዝም ብለው ከመቀመጥ ብለው ይሁን አላውቅም፣ ዘፈኑን ያለ ንጋቱ ማጉረምረም ጀመሩ።

ከማዶ አንድ ሐምራዊ ነገር በአጥሩ ሥር ሾለከ። መንገዱን ግራና ቀኝ አየ (አስተምሬዋለሁ!)፣ ተሻገረ፣ በባለ አበባው ሽርጥ ሥር ገብቶ ንጋት ላይ ቆመ።

«ነጋ!» ብለው ጮኹ ሁሉም።

እናቱ ከገበያ ስትመለስ አይታው ኖሯል፤ ኦሜናዋን በጎድጓዳ ሳህን እንደተሸከመች ደረሰች።

«ኦሞንዲ! ና ውጣ ከዚህ!»

«ተዪው» አሉ ዳና ሪስፓ። «የተወለደበትን ቀን ልናገርለት ነው። ጨለማው ሲገፈፍ፣ አሸዋው ላይ፣ ሦስት ጀልባ ሲመለስ...»

«አራት» አለች ማማ ኦሞንዲ።

«ሦስት ናቸው።»

«ዳና፣ አራት ናቸው! የወለድኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? አራተኛው የባሌ ነው፤ ልጁ ሲያለቅስ ሰምቶ ዓሣውን ሳያራግፍ በውኃው ውስጥ ሮጦ የመጣው! ዓሣው ግማሹ ሐይቅ ገብቶ...» ሳህኑን አውርዳ አሸዋ ላይ አስቀመጠችው። ጎንበስ ብላ ባሏ እንዴት እንደሮጠ አሳየችን። ልጆቹ ከኋላዋ ተከትለው ሮጡ፤ አኮዝ ሳትጠራ ዘነበች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኦሞንዲ ቁጭ ብሎ በጭቃ ጀልባዎቹን እየደረደረ ነበር። አራት። ከዚያ በጣቱ አመዱ ላይ 4 ጻፈ። ፊቱ ዞሯል፣ ግን 4 ነው።

እናቱ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «ማን አሳየህ?»

«ጀልባዎቹ» አላት።

ክቡ ዞሮ ዞሮ ሌሊት ላይ ደረሰ፤ እንደ ልማዱ ባዶ። ቶሎ ልዘለው ስል ዶክተር ሙቱኩ ቅጹን ድንጋዩ ላይ አስቀምጦ ተነሣ።

«በእኛ በካምባዎቹም ዘንድ እንዲሁ ነው» አለ። «ሙቱኩ ማለት በሌሊት የተወለደ ነው። ቦታው የእኔ ነው መሰለኝ።» ሄዶ ቆመ፤ አንድ ትልቅ ሰው፣ ሄልሜቱን እንደያዘ።

ማንም አልሳቀም። ልጆቹ ፈርተው ያዩታል። ያኔ አቲየኖ ከእኩለ ቀን ወጣች። ክቡን አቋርጣ ሄዳ እጁን ያዘችው። ከሜይ ጀምሮ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም።

«እኔ አለሁ» አለችው። «አትፍራ።»

እዚህ ላይ አልቅሻለሁ። ገምጋሚ ፊት ማልቀስ ነጥብ ያስቀንስ እንደሆነ ቅጹ ላይ የለም።


ዓርብ፣ ጁላይ 5

አልፌያለሁ። አስተያየቱ ላይ «የወላጆች ተሳትፎ፦ ለማስቆም አስቸጋሪ» ብሎ ጽፏል። ላቬንደር ሞኝ ናት፤ ሰውየው ይስቃል።

ኦሞንዲ ተመልሷል። እናቱ አንድ ነገር አስገድዳኛለች፦ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማንጎው ሥር እየመጣች ፊደልና ቁጥር አስተምራታለሁ። የመጀመሪያው ቀን እርሳሱ እምቢ አላት። ጭቃ አቀረብኩላት። «ጭቃዋ!» ብላ ሳቀችብኝና እጅጌዋን ሰበሰበች።


እሑድ፣ ጁላይ 14

ለእናቴ ደወልኩላት። ኔትወርኩ ጥሩ ነበር። እንደውም ሁልጊዜም ጥሩ ነበር።

ስለ ነርስነት አላነሣችም። እኔም አልተከራከርኩም። «ማማ፣ እኔ እንዴት ነው የተወለድኩት?» አልኳት። አኦኮ ማለት ከቤት ውጭ የተወለደች እንደሆነ አውቃለሁ፤ የት እንደሆነ ግን ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ጠይቄ አላውቅም።

«ዛሬ ምን አሳሰበሽ?» አለች። ከዚያ ግን ነገረችኝ። ከገበያ ስትመለስ መንገድ ዳር ነው። የማታውቃቸው ሴቶች ዕቃቸውን ጥለው ከበቧት፣ ሽርጣቸውን ፈትተው ዙሪያዋን ያዙ። «ነፋስ ነበር» አለችኝ። «አንድም ሰው ግን አላየሽም። ቤት ውስጥ ከተወለደ ልጅ ይበልጥ ግድግዳ ነበረሽ።»

ስለ ማንጎው ነገርኳት። እሷም «ታዲያ አፍንጫ መጥረጉስ?» አለች።

«እጠርጋለሁ።»

«በደንብ ጥረጊያቸው» አለችኝ።


ዓርብ፣ ጁላይ 26

የመጨረሻ ቀን። ሃያ አንድ ልጆች፤ ከማዶ አንድ በአንድ ተመልሰዋል። ጣሪያው ተሠርቷል፤ ክፍሉ ግን ክብ የሚዞሩበት ቦታ ስለሌለው ልጆቹ ማንጎው ሥር እንቆያለን ብለዋል፤ መምህር ኦጋሎም ሊከራከሩ ዳና ሪስፓን አይተው ተዉት።

ይህን ደብተር ስም መጥሪያው ሥር ትቼው እሄዳለሁ። አንቺ ወይም አንተ በሚቀጥለው ዓመት ለልምምድ የምትመጡት፣ አንብቡት። ሁለት ገጽ አጣብቄያለሁ፤ እነሱን አትክፈቱ። መጨረሻው ገጽ ላይ ለእናቶቹ ጥያቄ መልስ እጽፋለሁ ብዬ ነበር፤ በእሱ ፈንታ የኦሞንዲን 4 ቀድቼ ለጥፌላችኋለሁ፣ ፊቱ እንደዞረ።

ሌሊት አሁንም ሰው ይፈልጋል፤ አቲየኖ አንዳንዴ ትቆምለታለች፣ ግን እኩለ ቀንም የእሷ ነው። ስለዚህ ክቡ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ቤታችሁ ደውሉና ጠይቁ። ከዚህ በታች ባዶ መስመር ትቻለሁ፦ በስንት ሰዓት ተወለዳችሁ፣ ማንስ አጠገባችሁ ቆሞ ነበር? ጻፉልኝ።